የጉብኝቱ ዝርዝር ውስጥ ያልነበረችው እናት



በዚህ ገጽ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫና ስለ ፍርድ ቤቶች ነጻነት ስጽፍ የለመዳችሁኝ ሁሉ፣ ዛሬ ስለ ከተማ ጉብኝት ላወጋችሁ መሆኑን ስትሰሙ «ይህ ሰው ደግሞ ምን ነካው?» ማለታችሁ አይቀርም። ጥቂት ብትታገሡኝ ግን ጉዳዩ መንግሥት ለዜጋው ካለበት ግዴታ የራቀ እንዳልሆነ ትረዱልኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ክረምት ከውጭ አገር የመጣ የሥራ ባልደረባዬን ይዤ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ምድር ቤቱ ወርደን በድንቅነሽ አጽም ፊት ቆመን ሳለ አሥር የሚሆኑ ወጣቶች አስጎብኚያቸውን ተከትለው ገቡ። መልካቸው የእኛው ነው፤ አነጋገራቸው ግን የአሜሪካ ነው። አስጎብኚው ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር፣ ሐዳር በተባለ ቦታ እንደተገኘችና ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆን ከገለጸላቸው በኋላ እጁን ዘርግቶ «እነሆ የሁላችን እናት! እናንተም ወደ ቤታችሁ ነው የመጣችሁት» አላቸው። ወጣቶቹ ፎቶግራፍ ማንሳት ጀመሩ። ከመካከላቸው ግን ዕድሜዋ ከ20 የማይበልጥ አንዲት ልጅ ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የሁላችንን እናት አየሁ። የእኔን እናት ለማግኘት ግን የምሄደው ወደ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው?» ስትል ጠየቀችው።

አስጎብኚው ፈገግ አለ፤ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያም «አሁን ወደ ላይኛው ፎቅ እንወጣለን» አለ።

ይህን ወጣት አልፈርድበትም። ከ18 ዓመታት በፊት እዚያው ቦታ፣ ያንኑ ቃል እየተናገርሁ የቆምሁት እኔ ነበርሁና።

የሚሌኒየሙ ዓመት አስጎብኚ

ዘመኑ 2000 ዓ.ም. ነው። አገሩ በሙሉ የአዲሱን ሺህ ዓመት ድግስ ያጣጥማል። እኔ ደግሞ የ26 ዓመት ጎልማሳ፣ በዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ነኝ። ደመወዜ ወር አያደርሰኝም። አንድ ወዳጄ የእንግሊዝኛ ችሎታዬን አይቶ ከአንድ የጉዲፈቻ ድርጅት ጋር አገናኘኝ፤ ሥራዬም ሕፃናት ለመውሰድ ከአሜሪካ የሚመጡ ባለትዳሮችን ማስጎብኘትና ማስተርጎም ሆነ። የአምስት ቀን ክፍያዬ ከወር ደመወዜ ጋር ይቀራረብ ነበር። የድርጅቱን ስም እዚህ አላነሣውም፤ የማወራው ስለ አንድ ድርጅት ሳይሆን ሁላችንም ስለተሳተፍንበት ሥርዓት ነውና።

በዚያን ጊዜ አሠራሩ እንዲህ ነበር። አሳዳጊዎቹ ፍርድ ቤት መቅረብ አይጠበቅባቸውም። ወኪላቸው ቀርቦ ውሳኔው ይሰጣል፤ እነርሱ የሚመጡት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ልጁን ተረክበው ከኤምባሲ ቪዛ ለማውጣት ነው። ይህ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ከሳምንቱ ውስጥ የኤምባሲው ቀጠሮ ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። የተረፈው ጊዜ በምን ይሞላ? በጉብኝት ነዋ!

የመንገዱን ዝርዝር ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ብሔራዊ ሙዚየምና ስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፤ በሁለተኛው ቀን የንጉሠ ነገሥቱ መቃብር ያለበት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ከዚያ ፒያሳ ወርዶ ቡና፣ ከሰዓት በኋላ በቸርችል ጎዳና የቅርሳ ቅርስ ሱቆች። የቪዛው ዕለት መንገዱ ራሱ የተመቸ ነበር፤ የአሜሪካ ኤምባሲ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ከቪዛው መልስ ጥቂት ከፍ ብሎ ሽሮ ሜዳ ላይ ለልጁ የአገር ልብስ ይገዛል፤ ከዚያም ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያም። በመጨረሻው ምሽት የባህል ምግብ ቤት፤ ክትፎ፣ ጠጅ፣ እስክስታ። በማግሥቱ ቦሌ።

እነዚያ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ልላችሁ አልችልም። ብዙዎቹ ደጎች፣ ልጅ አጥተው የተሰቃዩ ወይም በእምነታቸው ተገፋፍተው የመጡ ነበሩ። የሚገዙትን ጀበና፣ የሚያነሱትን ፎቶግራፍ ሁሉ ለልጁ ብለው ነበር የሚሰበስቡት። «ሲያድግ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለበት» ይሉኝ ነበር። አንዷ ሴት ያዘጋጀችውን አልበም አሳይታኛለች፤ በእያንዳንዱ ገጽ ባዶ ቦታ ትታ ከሥሩ ርዕስ ጽፋለች። ድንቅነሽ፣ አንበሳ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቡና፣ ገበያ። ለወላጅ እናቱ አንድ ገጽ ነበረ። ለከተማይቱ አሥራ ሁለት።

ግማሽ ሰዓት

ዛሬ ይህን የምጽፈው ስለዚያ አንድ ገጽ ነው።

የዚህች ሴትና የባለቤቷ ልጅ የሦስት ዓመት ወንድ ሲሆን የመጣውም ከሆሳዕና አካባቢ ነበር። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ በሕይወት አለች። ፍርዱ ከተሰጠ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ድርጅቱ «የስንብት ፕሮግራም» ብሎ በሚጠራው ዝግጅት እናቲቱ በአውቶቡስ አዲስ አበባ መጥታ ከአሳዳጊዎቹ ጋር ለግማሽ ሰዓት ተገናኘች። አማርኛ ስለማትችል አንድ ወጣት ከሃዲይኛ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ እኔ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። ሁለት ድልድይ መሆኑ ነው።

አሳዳጊዎቹ የተዘጋጁ ጥያቄዎች ነበሯቸው። ልጁ በየትኛው ወር ተወለደ? ምን ምግብ ይወዳል? በቤተሰቡ ውስጥ በሽታ አለ ወይ? እናቲቱ ሁሉንም መለሰች። ከዚያ «አንቺስ የምትጠይቂን ነገር አለሽ?» ተባለች። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም ወደ እኔ እያየች ተናገረች፤ ወጣቱም እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «ትምህርቱን ሲጨርስ ይመልሱልኛል አይደል? ትላለች።»

የድርጅቱ ሠራተኛ ቀና ብላ አየችኝ። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ መናገርም አላስፈለጋትም። እኔም ወደ ባልና ሚስቱ ዞሬ «ጥሩ ትምህርት እንዲያገኝ ትመኛለች» አልኋቸው።

ሴትዮዋ አለቀሰች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ቃል እንገባለን!» አለች። እኔም ይህን ወደ አማርኛ መለስሁት፤ ወጣቱም ወደ ሃዲይኛ። እናቲቱ «ቃል እንገባለን» የሚለውን ሰምታ ፊቷ በራ። ተነሥታ የሁለቱንም እጅ ሳመች። ሁለቱ ወገኖች እየተላቀሱ ተቃቀፉ። ፎቶግራፉም ያን ጊዜ ተነሣ። በአልበሙ ውስጥ ለእርሷ የተተወው ገጽ የተሞላው በዚያ ፎቶግራፍ ነው።

ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ወጣን። ባልና ሚስቱ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆነው ከተማይቱን ሲያዩ ሾፌራችን፣ ዕድሜው የገፋ ሰው፣ ወደ እኔ ቀረበና «ልጄ፣ ያቺን ሴትዮ ምን ብላችኋት ነው እንዲያ ደስ ብሏት የወጣችው?» አለኝ። «ምንም፣ ጋሼ» አልሁት። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። እስከ ሆቴሉ ድረስም አላናገረኝም።

ጉዲፈቻ ስንል ምን ማለታችን ነበር?

«እናቲቱ ስላልተማረች ነው ያልገባት» የሚል ይኖራል። እኔም ለራሴ ለዓመታት ያልሁት ይህንኑ ነበር። ነገሩን ካጠናሁት በኋላ ግን ያልገባን እኛ የተማርነው እንደሆንን ተረዳሁ።

እንደሚታወቀው ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከአፋን ኦሮሞ የመጣ ነው። በኦሮሞ ባህል የጉዲፈቻ ልጅ የአሳዳጊው ሙሉ ልጅና ወራሽ ነው፤ ነገር ግን ማን እንደወለደው ከሕዝብ ተሰውሮ አይቀርም። በአማራውም ባህል የማር ልጅ፣ የጡት ልጅ የሚባለው ልማድ ነበረ፤ የአሳዳጊውን ማር የተቀባ ጣት ወይም ጡት በመጥባት የሚፈጸም። በእነዚህ ልማዶች ሁሉ ልጁ ሁለተኛ ቤተሰብ ያገኛል እንጂ የመጀመሪያውን አይነጠቅም። አንዱ ቤት ሌላውን ቤት ይዘመዳል።

ይህ የገጠር ሰው የዋህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የራሳችን ሕግ የሚለው ይህንኑ ነበር! በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 183 ላይ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደተጠበቀ እንደሚቆይ ይደነግጋል፤ ምርጫ የግድ በሚሆንበት ጊዜ ብቻ የአሳዳጊው ቤተሰብ ቅድሚያ ያገኛል። በአሜሪካ ግን ጉዲፈቻ የቀድሞውን ዝምድና በሕግ ይቆርጠዋል። አሳዳጊዎቹ እንደ ወላጅ የተመዘገቡበት አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣለታል፤ እንግሊዝኛው ስሙ፣ አዲሱ ዜግነቱ፣ አዲሱ አያቱ ሁሉ በሕግ የጸኑ ናቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ልደታ የተቀመጠው ችሎታችን ፍርዱን የሚሰጠው ዝምድና አይቆረጥም በሚለው ሕግ መሠረት ነው። ልጁ ግን በዚያው የፍርድ ወረቀት ተይዞ የሚሄደው ዝምድና ወደሚቆረጥበት አገር ነው። የሆሳዕናዋ እናት «ይመልሱልኛል አይደል?» ስትል የጠየቀችው፣ ሕጉን አንብባ ባይሆንም፣ ከሕጉ መንፈስ ጋር የሚስማማ ጥያቄ ነበር። ያ ጥያቄ በሕግ አዋቂ ፊት አልቀረበም። የቀረበው በእኔ ፊት ነው፤ እኔም ዋጥሁት።

የገበያው ዘመን

ይህ የአንድ አስተርጓሚ ኃጢአት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለንስሐ አባቴ ነግሬው በተውሁት። ነገር ግን ጊዜው ኢትዮጵያ በዓለም አቀፍ ጉዲፈቻ ካርታ ላይ የምትወጣበት ጊዜ ነበር። አንጀሊና ጆሊ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያዊት ሕፃን በጉዲፈቻ ከወሰደች በኋላ የአገራችን ስም በብዙ ቤት ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ጓቲማላ በሯን ስትዘጋ የብዙ ድርጅቶች ዓይን ወደ አዲስ አበባ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2010 የበጀት ዓመት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2500 በላይ ሕፃናት ሄዱ፤ ኢትዮጵያ ከቻይና ቀጥሎ ሁለተኛዋ ሆነች። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ እገዳው ባሉት ዓመታት ወደዚያች አገር የሄዱት ከ15 ሺህ ይበልጣሉ። አውሮፓን ገና አልቆጠርንም። ለአንድ ልጅ የሚወጣው ጠቅላላ ወጪ ብዙ ጊዜ ከ20 ሺህ ዶላር ያላነሰ ነበር፤ ከዚህ ገንዘብ ሆቴሉም፣ ሾፌሩም፣ የሽሮ ሜዳ ሸማ ነጋዴውም፣ እኔም ተቋድሰናል።

ገንዘብ በገባበት ማጭበርበር አይጠፋም። እናታቸው በሕይወት እያለች ወላጅ አልባ ተብለው የተመዘገቡ ልጆች መኖራቸው እየዋለ እያደረ ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከኢትዮጵያ ጉዲፈቻ ጋር በተያያዘ በሐሰተኛ ሰነድ የአንድ ድርጅት ኃላፊዎችን ከሰሰ፤ ከተከሳሾቹም ጥፋታቸውን ያመኑ ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ግዛት ከአገራችን በጉዲፈቻ የተወሰደች ልጅ በአሳዳጊዎቿ ግፍ ከቤት ውጭ በብርድ ሞተች፤ በ2013 ሁለቱም በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ይህን የመሰለ ግፍ የጥቂቶች እንጂ የሁሉም አሳዳጊዎች ታሪክ አይደለም። በፍቅር ያደጉ፣ የተማሩ፣ ለቁም ነገር የበቁ ብዙ ናቸው። ቢሆንም በፍቅር ማደግ እናትን የማወቅ መብትን አይሽርም።

መንግሥትም ዝም አላለም ማለት ይቻላል፤ ዘገየ እንጂ። እ.ኤ.አ. ከ2010 አጋማሽ ጀምሮ ፍርድ ቤቱ አሳዳጊዎች በአካል እንዲቀርቡ አዘዘ፤ በዚህም ምክንያት ጉዞው ሁለት ሆነ፣ ጉብኝቱም እጥፍ ሆነ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይደርስ የነበረውን መዝገብ ወደ 5 ዝቅ አደረገው። በመጨረሻም ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። ብዙዎቻችን አጨበጨብን። እኔም ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበርሁ።

ነገር ግን በሩ ሲዘጋ በውጭ የቀሩት አሉ። አዋጁ ወደፊት እንዳይሄዱ ከለከለ እንጂ ስለሄዱት አንድ መሥሪያ ቤት እንኳ በግልጽ ተጠያቂ አላደረገም። በሙዚየሙ ያየኋት ልጅ «ወደ የትኛው መሥሪያ ቤት ልሂድ?» ያለችው ለዚህ ነው። የፍርድ ቤቱ መዝገብ አንድ ቦታ፣ የሚኒስቴሩ አስተያየት ሌላ ቦታ፣ የማሳደጊያው ማኅደር ደግሞ ማሳደጊያው ከተዘጋ በኋላ የት እንደገባ የማይታወቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ገንዘብ ያለው በግል ፈላጊ ይቀጥራል፤ የሌለው ድንቅነሽን አይቶ ይመለሳል።

አጥንት የሚመለስበት አገር

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ያን ጊዜ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ለእንግዶቼ በሙዚየሙ ሳስጎበኝ እውነተኛዋ ድንቅነሽ አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ2007 ለኤግዚቢሽን ወደ አሜሪካ ሄዳ ነበር። ምሁራን ተቆጡ፤ ጋዜጦች ጻፉ፤ ትሰበር ይሆን ብለን ሠጋን። ውል ተፈረመላት፤ የመመለሻ ጊዜ ተቆረጠላት። እርሷም እ.ኤ.አ. በ2013 በክብር ተመለሰች።

የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጥንት ስንልክ «መቼ ትመለሳለች?» ብለን በጽሑፍ አስፈርመናል። የሦስት ዓመት ሕፃን ስንልክ ግን ያንኑ ጥያቄ የጠየቀችውን እናት አፍነናታል።

ሌላም ልጨምር። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመለስ አልቅሰናል፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻም ዳግም ቆሟል። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ሲወሰድ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በጉዞው ላይ አረፉ፤ እርሱም በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። አጽሙ እንዲመለስ መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2007 ጠይቋል፤ በ2023 ዳግም ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለም። እኛም አዘንን፤ ማዘናችንም ተገቢ ነው። እናቱን በመንገድ አጥቶ በሰው አገር የቀረ ሕፃን ታሪክ ያሳዝናል።

ግን የአንዱን ልዑል አጥንት ከሌላ አገር ቤተ መንግሥት የምንጠይቅ ሰዎች፣ በሕይወት ያሉት ልጆች ከእኛው መዝገብ ቤት አንድ ገጽ ወረቀት ሲጠይቁ የምንሰጣቸው መልስ «ወደ ላይኛው ፎቅ እንውጣ» ከሆነ፣ ጥያቄያችን ከልብ ነው ብሎ ማን ያምነናል? «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» እንዲሉ እንዳይሆንብን እፈራለሁ።

ምን ይደረግ?

ተቃዋሚ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አንዳንዱ «አገሪቱ በጦርነትና በረሃብ በምትፈተንበት ጊዜ ይህ የቅንጦት ጥያቄ ነው» ይላል። ሌላው «እናቶቹ ምሥጢራቸው እንዲወጣ አይፈልጉ ይሆናል፤ ቁስል መቀስቀስ ነው» ይላል። የመጀመሪያው ክርክር አያሳምነኝም፤ መዝገብን በአንድ ቦታ መሰብሰብ ጦር ማዝመት አይደለምና። ሁለተኛው ግን ክብደት አለው። መልሱ ፋይሉን ቆልፎ ማስቀመጥ ሳይሆን እናቲቱን በቅድሚያ መጠየቅ ነው። «ልጅሽ ይፈልግሻል፤ መገናኘት ትወጃለሽ?» ብሎ በቋንቋዋ፣ በቀጥታ፣ ያለ ማለባበስ። እምቢ ካለች መብቷ ነው። እስከ ዛሬ የበደልናት ግን እምቢ እንዳትል ሳይሆን እንዳትጠየቅ በማድረግ ነው።

ሌሎች አገሮች ወደዚህ እየመጡ ናቸው። ደቡብ ኮሪያ ለአሥርተ ዓመታት ልጆቿን ወደ ውጭ ስትልክ ከኖረች በኋላ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽኗ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 መንግሥት ለተፈጸመው የመብት ጥሰት ተጠያቂ መሆኑን በይፋ ገልጿል። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2021 የራሷን ታሪክ አስመርምራ ጉዲፈቻውን አግዳ ነበር። ተቀባዩ አገር ሲመረምር ሰጪው አገር ዝም ማለቱ ያስተዛዝባል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ የሚኒስቴሩና የክልል ቢሮዎች የጉዲፈቻ መዛግብት በአንድ ቤት ተሰብስበው ከመጥፋት እንዲድኑ። ሁለተኛ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ የጉዲፈቻ ልጅ የራሱን ማኅደር የማየት መብት በሕግ እንዲረጋገጥለት፤ ወላጅም ልጇን ለመፈለግ ማመልከት እንድትችል። ሦስተኛ፣ ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ፣ በክልል ቋንቋዎች የሚሠራና የዘረመል ምርመራ የሚያስተባብር አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት። ከእንጦጦ ፓርክና ከዓድዋ ድል መታሰቢያ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ከቁጥር አይገባም። እነዚህን ቦታዎች የውጭ እንግዳ እንዲያያቸው እንወዳለን፤ እሰየው። ከእንግዶቹ መካከል ግን የራሳችን ልጆች እንዳሉ አንርሳ።

እኔም ድርሻዬን ልወጣ። ለዚያ ቤተሰብ በነበረኝ አድራሻ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ መልስ አልመጣም። ያ ሕፃን ዛሬ የ21 ዓመት ጎልማሳ ነው። አማርኛም ሃዲይኛም እንደማያነብ እገምታለሁ፤ ሆኖም አንድ ቀን አንድ ሰው ይህን ያስተረጉምለት ይሆናል። ስለዚህ ከ18 ዓመት በፊት ያጎደልሁትን ትርጉም እዚህ ላይ አሟላዋለሁ፦ እናትህ ያን ዕለት ጥሩ ትምህርት እንድታገኝ ተመኝታ ዝም አላለችም። «ትምህርቱን ሲጨርስ ይመልሱልኛል አይደል?» ብላ ጠይቃለች። መልስ አገኘሁ ብላም ተደስታ ሄዳለች። መልሱን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እውነትም አልነበረም።

እናንተም አንባብያን፣ ከእናንተ መካከል በዚያ ዘመን ያስተረጎማችሁ፣ ያሽከረከራችሁ፣ ማኅተም የመታችሁ፣ ፋይል የያዛችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የምታስታውሱትን ጻፉ። ወረቀት ያላችሁ አትጣሉ። የሚጠይቅ ልጅ በደጃችሁ ሲመጣ ወደ ላይኛው ፎቅ አትውሰዱት።

ቸር ይግጠመን።